የሰይጣን ቤት ታዳሚዎች፤ ስለ ድምፅ አልባው ዘመን ሲኒማችን የተሰጠ ምላሽ

ስለ ኢትዮጵያ ሲኒማ ታሪክ የሚጻፈው ሁሉ አጀማመሩ አንድ ዓይነት ነው። ፊልም በምኒልክ ዘመን ከቤተ መንግሥት ደረሰ፤ በ1910ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የማሳያ ቤት ተከፈተ፤ ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ ሸሸው፤ ከዚያ ጸሐፊው ብዕሩን አንሥቶ አርባ ዓመት ይዘልና በ1957 ዓ.ም. «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» በተባለው የመጀመሪያው የአገራችን ረጅም ፊልም ላይ ያርፋል። የተዘለለው ዘመን ባዶ ገጽ ነው ይባልና ይታለፋል። ባለፈው ዓመት ፍኖተ ሰላም ከመምህራን ጋር በተቀመጥንበት ጨዋታ ይኸው ነገር ተነሣ። ዓለም ስለጠፉት ድምፅ አልባ ፊልሞቹ ሲያዝን እኛስ ምን እንላለን ብዬ ብጠይቅ፣ አንድ የማከብረው የሥራ ባልደረባዬ «እኛ ዘንድ የጠፋ የለም፤ ያልነበረ ነገር አይጠፋም» አለ። በቦታው የነበረው ሁሉ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። በዕለቱ መልስ አልሰጠሁም፤ የምሰጠው አሁን ነው።

ያልነበረ አለመጥፋቱ እውነት ነው፤ በዚህ ማንም አይጣላም። የምጣላው ከሥሩ ካለው ግምት ጋር ነው። ባልደረባዬ ዝርዝር ስላልተረፈ፣ ቅጂ ስላልተገኘ፣ የሚመሰክር ሽማግሌ ስለሌለ «አልነበረም» ብሎ ፈረደ። እኔ ጎጃም ውስጥ ሽንዲ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ የተዘረፈን ጎተራና ከመጀመሪያው እህል ያልገባበትን ጎተራ መለየት ከልጅነቴ የማውቀው ነው። ሁለቱም ሲያንኳኩዋቸው ባዶ ድምፅ ይሰጣሉ። የተዘረፈው ግን ከሥሩ የተንጠባጠበ እህል አለው፤ ጎንበስ ብሎ መልቀም ይጠይቃል እንጂ።

«የጠፋ ፊልም» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ለማየት መጀመሪያ ፊልም በብዛት ወደተሠራበት አገር ልሂድ። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2013 ዴቪድ ፒርስ የተባለ ተመራማሪ ያካሄደውን ጥናት አሳትሟል። እ.ኤ.አ. ከ1912 እስከ 1929 በዚያ አገር የተሠሩት ረጃጅም ድምፅ አልባ ፊልሞች ወደ 11 ሺህ ይጠጋሉ፤ በመጀመሪያ ቅርጻቸው ሙሉ ሆነው የተረፉት 14 ከመቶ ናቸው፤ 70 ከመቶው ግን ጨርሶ የለም። የዚያ ዘመን ፊልም የሚታተምበት ናይትሬት የባሩድ ዘመድ ነው። አንዴ ከተያያዘ ውኃ ውስጥ እንኳ መንደዱን አይተውም። ሳይቃጠል ቢቆይም ሙቀትና እርጥበት ያገኘው እንደሆነ ይላቁጣል፣ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ በመጨረሻም ዱቄት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1937 ኒው ጀርሲ የነበረው የፎክስ ኩባንያ መጋዘን ሲቃጠል የዘመናት ሥራ አብሮት ነደደ። ሌላውን ደግሞ ባለቤቶቹ ራሳቸው፣ የሚናገረው ፊልም ገበያውን ሲወስደው፣ በላዩ ያለውን የብር ማዕድን ለይተው ለመሸጥ አጠፉት።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ የፍቅር ኮሜዲው ነው። ጦርነት የሚያሳየው፣ መጽሐፍ ቅዱስ የሚተርከው ፊልም «ታላቅ ሥራ» ተብሎ ጠባቂ ሊያገኝ ይችላል። ሁለት ወጣቶች ተያይተው፣ ተዋሽተው፣ ተሳስቀው የሚጋቡበትን ፊልም ግን የጊዜ ማሳለፊያ ነው ብሎ ከሳጥን የሚያስቀምጠው ጥቂት ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 የወጣው «ጀንትልመን ፕሪፈር ብሎንድስ» የተባለው ድምፅ አልባ ኮሜዲ እስከ ዛሬ አንድም ቅጂ አልተገኘለትም። ሆኖም ማንም «አልነበረም» አይልም። ማስታወቂያው አለ፣ ፎቶግራፉ አለ፣ የጋዜጣው ትችት አለ። ጎተራው ቢዘረፍም የተንጠባጠበውን የሚለቅም ሰው ነበረ።

አንዳንዴም እህሉ ራሱ ከሩቅ አገር ይመለሳል። ኮሊን ሙር በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ስሟ የገነነ፣ ጸጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች የኮሜዲ ተዋናይት ነበረች። ለሙዚየም በአደራ የሰጠቻቸው ፊልሞቿ ብዙዎቹ በቸልታ ተበላሽተው ቀሩ። በ1927 እ.ኤ.አ. የሠራችው «ኸር ዋይልድ ኦት» የተባለው የፍቅር ኮሜዲም እንደ ጠፋ ይቆጠር ነበር። ታሪኩ በጋሪ ላይ ምግብ እየሸጠች የምትኖር አንዲት ልጅ ያጠራቀመችውን ገንዘብ ይዛ ሀብታሞች ከሚዝናኑበት ሆቴል ስትሄድ፣ ሳትሆን «መስፍናዊት ነኝ» ስትል፣ ውሸቷም ከምትወደው ሰው ጋር ሲያጋፍጣት ነው። በቡሬ መናኸሪያ በር ላይ ዳቦና ሻይ ለምትሸጥ ልጅ ይህን ታሪክ ብነግራት ከመጨረሻው በፊት መጨረሻውን ትነግረኛለች። ፊልሙ በ2001 እ.ኤ.አ. ፕራግ ከሚገኘው የቼክ የፊልም ቤተ መዛግብት ተገኘ። በመሐል በመሐሉ የሚታየው የጽሑፍ ካርድ ሁሉ በቼክ ቋንቋ ስለነበር ወደ እንግሊዝኛ እንደገና መተርጎም ነበረበት። እንግዲህ አሜሪካ የራሷን ሳቅ በባዕድ ቋንቋ አግኝታ መልሳ ተረጎመችው ማለት ነው።

ይህ በአንድ ፊልም ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም። በፒርስ ቆጠራ መሠረት በማንኛውም መልክ ከተረፉት 3,311 የአሜሪካ ድምፅ አልባ ፊልሞች 886ቱ የተገኙት ከአሜሪካ ውጭ ነው። ምክንያቱ የንግድ ነው። የፊልም ቅጂ ከትልቅ ከተማ ተነሥቶ ወደ ትንሽ፣ ከትንሽ ወደ ገጠር እየወረደ ይጓዛል። የመጨረሻዋ ከተማ ስትደርስ ጥቅሉ ተቧጭሯል፣ ታሪኩ አርጅቷል፤ ወደ መጣበት ለመመለስ የሚጠይቀው የማጓጓዣ ዋጋም ከፊልሙ ዋጋ ይበልጣል። ስለዚህ እዚያው ይጣላል። በካናዳ ሰሜን ምዕራብ በምትገኘው ዶውሰን ሲቲ እ.ኤ.አ. በ1978 አንድ ቦታ ሲቆፈር 533 ጥቅል ፊልም ከመሬት ወጣ፤ ቅዝቃዜው ጠብቆ አቆይቶታል። የጆን ፎርድ «አፕስትሪም»ም እንዲሁ ከሩቅዋ ኒውዚላንድ ነው የተገኘው። የጠፋ ፊልም የሚፈለገው የመንገዱ መጨረሻ ላይ ነው።

እንግዲህ አዲስ አበባን እናስብ። የጅቡቲው ባቡር በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ደረሰ፣ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ገባና ቆመ። ከዚያ ወዲያ ሐዲድ የለም። ከአውሮፓ የመጣ ጥቅል ፊልም ከአዲስ አበባ ቀጥሎ ወዴት ይሄድ ነበር? ወደ ቡሬ በበቅሎ አይጫን ነገር! ስለዚህ ዋና ከተማችን በዚያ ዘመን ከዶውሰን ጋር የሚመሳሰል ዕጣ ነበራት፤ ልዩነቱ አንድ ነው፦ የዶውሰንን መሬት የቆፈረ ሰው ምን እንዳገኘ ሲያይ ሥራውን አቁሞ የሚመለከተውን ጠራ።

አሁን ወደ «ሰይጣን ቤት» ልመለስ፤ የተቃራኒዬ ዋና ምስክር እርሱ ነውና። ስሙ የሕዝቡን ጥላቻ ያሳያል ይባላል። ይህን የሚሉት ሰዎች አማርኛውን እንደ መዝገበ ቃላት ያነቡታል፤ እንደሚነገረው ግን አልሰሙትም። በእኛ አገር ስድስት ዓመት ሳይሞላው የአባቱን ሬዲዮ ፈታትቶ የገጠመ ልጅ «ይኼ ሰይጣን!» ይባላል፤ ይህን ስትል እናቱ ፊቷ ላይ ያለው ኩራት እንጂ እርግማን አይደለም። ብስክሌት «የሰይጣን ፈረስ» ተብሏል፤ ይህን ያለው ሰው ልጁ ሲሳፈርበት አልከለከለም። ስልክ ሲገባ ካህናት ርኩስ መንፈስ ነው ብለው ለምኒልክ አቤት ማለታቸው ይተረካል፤ ስልኩ ግን አልተነሣም። በአማርኛ ሰይጣን የክፋት ስም ነው፣ እውነት ነው። ከዚያ ጎን ለጎን ግን እጅ ሳይነካው ለሚንቀሳቀስ፣ ሳይተነፍስ ለሚራመድ፣ አእምሮ ሊደርስበት ላልቻለ ነገር ሁሉ የምንሰጠው ስም ነው። ግድግዳ ላይ የሰው ጥላ ሲሮጥና ሲሳሳም ያየ የ1910ዎቹ ሰው ከዚህ ሌላ ምን ይበለው?

ስሙ ደግሞ በአማርኛ መሆኑን ልብ ይሏል። ቤቱ የፈረንጆች ብቻ መናኸሪያ ቢሆን ኖሮ የሚቀረው ስም የፈረንጅ ስም ነበር። ገብቶ ያላየ ሰውም በወሬ ስም ሊያወጣ እንደሚችል አልክድም፤ ከበር ቆሞ የሚያማትብም ይኖራል። ነገር ግን ማሳያ ቤት ንግድ ቤት ነው፤ ከፋይ ያጣ ንግድ ቤት ለትውልድ የሚተርፍ ስም እስኪወጣለት ድረስ አይቆይም። ካህናት አወገዙት ከተባለም፣ ማንም የማይገባበትን ቤት ለማውገዝ አይደክሙም። ውግዘቱ ራሱ የታዳሚው ምስክር ነው።

ሁለተኛው ክርክር ከዚህ ይልቅ የረቀቀ ነው፤ የሚያናድደኝም እርሱ ነው። ሕዝቡ ቢገባ እንኳ ከማያውቀው አገር የመጣ፣ በማያነበው ፊደል የተጻፈ፣ የማያውቀው ዓይነት የፍቅር ጨዋታ አይገባውም ነበር ይባላል። ይህ ንባብ የሌለውን ሰው ሁሉ ማስተዋል የሌለው አድርጎ የሚቆጥር አስተሳሰብ ነው። በጎጃም ጥምቀት ሲከበር ጎረምሳው ለወደዳት ልጅ ሎሚ ይወረውራል። ቃል አይናገርም። ልጅቷ ሎሚውን ብታነሣ ወይም መሬት ላይ ብትተወው፣ ብትስቅ ወይም ነጠላዋን ወደ ፊቷ ብትስብ መልሱን ያነበዋል፤ በዙሪያ የቆመውም ሁሉ ያነበዋል፣ ይስቃልም። ያለ ድምፅ የሚከናወን የፍቅር ኮሜዲ ከዚህ ሌላ ምንድን ነው? ይህን ሲያይ ያደገ ሰው ከግድግዳ ላይ ያለ ወጣት አበባ ይዞ ሲንተባተብና በሩ ሲዘጋበት ምን እንደሆነ ለመረዳት ፈረንሳይኛ አያስፈልገውም።

በጽሑፍ ደረጃም ቢሆን ነገሩ ለዘመኑ እንግዳ አልነበረም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት፣ ዛሬ «ጦቢያ» የምንለው ልብ ወለድ፣ እንደ ወንድ ለብሳ የምትጓዝ ቆንጆ ልጅ፣ ወንድ መስሏት የምትወዳት ሌላ ልጅ፣ በመጨረሻም ጥንድ ሠርግ አለው። ይህ የዘመኑ ድምፅ አልባ ኮሜዲ ሠሪዎች የሚወዱት ሤራ ነው፤ ጀርመናዊው ኤርንስት ሉቢች በ1918 እ.ኤ.አ. የወንድ ልብስ ለብሳ ከተማ ስለምትወጣ ልጅ ፊልም ሠርቷል። አፈወርቅ አሥር ዓመት ቀድመውታል። «ኮሜዲያ» የሚለው ቃልም የመጣልን በዚያው ድምፅ አልባ ዘመን ነው፤ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ለመኳንንቱ አሳዩ፤ ቴአትሩ ገብቷቸው ስለ ነበር ታገደ። ያልገባቸውን ነገር ማን ያግዳል? ስለዚህ የሚስቅ ተመልካች፣ የፍቅር ሤራ የሚያነብ አንባቢ፣ ፊልም የሚያሳይ ቤት በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዘመን ነበሩ። ይህን ሁሉ ደርድሮ «ባዶ» ማለት ይከብዳል።

ስለ ራሴ አንድ ነገር ልጨምር። እኔ ሽንዲ ልጅ ሳለሁ በጄኔሬተር የሚሠራ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበረ። በገበያ ቀን በርበሬ አራግፈው የሚመለሱ ጎረምሶች ከእኛ ከተማሪዎች ጋር አግዳሚው ላይ ተጣበው የሕንድ ፊልም ያያሉ። ንግግሩ ለማንም አይገባም። ከሥር የሚሮጠውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ የሚያነብ አንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ከፊት ይቀመጥና ጮክ ብሎ ይተረጉማል። ያልደረሰበትን ከራሱ ይሞላል፤ ልጅቷን የቡሬ ሴት አድርጎ ያናግራታል፤ አባቷን እንደ አካባቢያችን ባለርስት ያስቆጣዋል። ሳቃችን ከእርሱ አፍ ይመጣ ነበር። ያኔ አላስተዋልሁትም፤ ኋላ ስለ ጃፓን ቤንሺዎች፣ ከድምፅ አልባው ፊልም ጎን ቆመው ታሪኩን ስለሚተርኩትና ስማቸው ከተዋናዮቹ በላይ ስለሚጠራው ሰዎች ሳነብ ግን ደነገጥሁ። እኛ ያየነው ድምፅ አልባ ፊልም ነበር። ያ ተማሪ ደግሞ ቤንሺያችን ነበር።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለክርክሬ ዋናው ነው። ያ የሕንድ ፊልም ቅጂው ሙምባይ ውስጥ በደህና ሊኖር ይችላል። በሽንዲ ያየነው ግን፣ ልጅቷ የቡሬ ሴት የሆነችበት፣ ከእንግዲህ አይገኝም። ፊልም ከጥቅሉ ጋር ብቻ አይጠፋም፤ ከታየበት ቤት፣ ከተረጎመው አፍ፣ ከሳቀው ሰው ጋርም ይጠፋል። በሰይጣን ቤት የፈረንሳይኛውን ካርድ ለጎረቤቱ በአማርኛ በሹክሹክታ የነገረ ሰው ካለ፣ ማንበብ የሚችል ከማይችል ጋር ጎን ለጎን በተቀመጠበት ሁሉ ይህ መሆኑ ደግሞ የታወቀ ነው፣ ያ ሹክሹክታ የእኛ ሥራ ነበር። የጠፋውም ከእኛ ነው።

ባልደረባዬ ይህን ሁሉ ሰምቶ የሚሰጠው መልስ ይታየኛል፤ ከሁሉ የጠነከረውም እርሱ ነው። «እሺ፣ አየን እንበል። የሠራነው ግን የለም። የሲኒማ ታሪክ የሠሪዎች ታሪክ ነው፤ የተመልካች ታሪክ የገበያ ታሪክ ነው» ይለኛል። የሠሪውን ክብር አልቀንስም፤ «ሂሩት» ለእኔም መጀመሪያ ናት። ነገር ግን በ1957 ከአዳራሹ ተቀምጦ የታሪኩን ውጣ ውረድ የተከታተለው ተመልካች ከሰማይ አልወረደም። ምስል ሲቆረጥ ጊዜ እንዳለፈ፣ ፊት ሲቀርብ ልብ እንደታየ የሚያውቅ ተመልካች ነበር። ያን ማወቅ የተማረው ከአንድ ቦታ ነው፤ የተዘለሉት አርባ ዓመታት ትምህርት ቤቱ ናቸው። የግጥምን ታሪክ ገጣሚ ብቻ ቆጥረን፣ ሰሚውንና አዝማሪውን ጥለን አንጽፍም፤ ሲኒማ ሲሆን ለምን?

ደግሞም ካሜራው ፊት አልቆምንም ማለት አይቻልም። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን አውሮፓን ሲጎበኙ የዜና ፊልም አንሺዎች በየከተማው ይከተሏቸው ነበር። አብረዋቸው ከተጓዙት መካከል የጎጃሙ ገዥ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት አሉ። ያ ምስል ድምፅ የለውም፤ ካባና ባርኔጣ፣ ሰላምታና ደረጃ ሲወርዱ ብቻ ይታያል። በአውሮፓ ማኅደሮች ውስጥ የፈረንጅ ዜና ተብሎ ተመዝግቦ ተቀምጧል። እኔ ባየሁት ቁጥር ከምስሉ ውጭ ያለው ይታየኛል፤ በራስ ኃይሉ ዘመን ከጎጃም ገበሬ የተሰበሰበው ከባድ ግብር፣ ቅቤውና ማሩ። የጉዞው ወጪ ከየት እንደወጣ የሚጠይቅ የታሪክ ጸሐፊ የዚያን ፊልም ግማሽ የሚያገኘው ፓሪስ ውስጥ አይደለም፤ እዚሁ ነው።

የሚሠራ ሥራ አለ። ከ1913 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ በፈረንሳይኛ ይታተም የነበረው «ኩሪዬ ዴትዮፒ»፣ በ1917 ዓ.ም. የተጀመረው «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ፣ የባቡሩ ኩባንያ የዕቃ መዝገብ፣ የአርመንና የግሪክ ነጋዴ ቤተሰቦች ደብዳቤና ፎቶግራፍ ሁሉ ለዚህ ጥያቄ ሲባል ገጽ በገጽ ሊገለጡ ይገባል። የፊልም ርእስ በማስታወቂያ ላይ ቢገኝ፣ ያ ርእስ ዛሬ ጠፉ ከተባሉት ዝርዝር ውስጥ ሊሆን ይችላል። የታሪክ ክፍል ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎቻችን ለአንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ አድርገው ቢሰጡት ወጪው የአንድ ክረምት የትራንስፖርት ነው።

ባለፈው በጋ ሽንዲ ሄጄ የቪዲዮ ቤቱን ባለቤት ጠየቅኋቸው። አርጅተዋል፤ ቤቱ አሁን የእህል መጋዘን ነው። በየቀኑ ያሳዩትን ፊልም ርእስና የገባውን ሰው ቁጥር በሰማያዊ ደብተር ይጽፉ እንደነበር አስታወስኋቸው። «ነበር እንጂ» አሉኝ። «ሁለት ደብተር ሙሉ። እትዬ ለሱቋ ወረቀት ሲያልቅባት ገነጠለችው፤ በርበሬ ጠቀለለችበት።» ከዚያ ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡና ብዙ ቆዩ። ሲመለሱ እጃቸው ላይ ያለው ባዶ የደብተር ሽፋን ነበር፤ ከውስጡ በኩል በእርሳስ «ጥቅምት» ተብሎ ተጽፎ፣ ከሥሩ ሦስት ርእሶች፣ ከአጠገባቸውም 41፣ 38፣ 60። ፎቶ አነሣሁት።